ዳኛው የሚጠቅሰው አንቀጽ፦ ኢትዮጵያና ዓለም አቀፍ የወንጀል ስምምነቶች

የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ስምምነት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፓሪስ የተቀበለው ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ከሁለት ቀን በኋላ ፈረመች፤ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ አጸደቀች። ስምምነቱን በማጽደቅ ከዓለም አገሮች ሁሉ የቀደመች እሷ ነበረች። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ በኩራት ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ግን እምብዛም አይነሣም። የጸደቀው ስምምነት ችሎት ላይ የተቀመጠ ዳኛ ጠቅሶ ሊፈርድበት ወደሚችል የአገር ሕግ አንቀጽ ካልተለወጠ፣ ተከሳሽ ፊት ሲቆም የሚያወጣው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቆ ሥራ ላይ የሚያውሉትን ሕጎች ማዘጋጀት በያዘበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ ጉዳይ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ኢትዮጵያ ያን ያህል የቸኮለችበትን ምክንያት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ ከዚያም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰው ግድያ፣ በጦርነቱ ጊዜ የተረጨው የመርዝ ጋዝ ገና ከሰዎች ገላና ትዝታ አልጠፉም ነበር። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ጣሊያናውያንን ለፍርድ ለማቅረብ ማስረጃ አሰባስቦ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቅርቧል። ሆኖም አንዳቸውም በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ስለሠሩት ግፍ ችሎት ፊት አልቆሙም። ፍትሕ ተከልክላ የቆየች አገር፣ እንዲህ ያለውን ወንጀል የሚያወግዝ ስምምነት ሲመጣ ቀድማ እጇን መዘርጋቷ የሚያስደንቅ አይደለም።

የስምምነቱ አምስተኛ አንቀጽ ለአባል አገሮች ግልጽ ግዴታ ይሰጣል። እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕገ መንግሥት ሥርዓት መሠረት አስፈላጊውን ሕግ ማውጣትና በተለይም ለጥፋተኞች ተገቢ ቅጣት መደንገግ አለበት። ኢትዮጵያ ይህን የፈጸመችው በስዊሳዊው የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን አርቃቂነት በተዘጋጀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ የድል በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። አንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን ወንጀል ሲደነግግ ስምምነቱን ቃል በቃል አልገለበጠም። ስምምነቱ የሚጠብቃቸው ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊና ሃይማኖታዊ ቡድኖችን ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ አንድ አምስተኛ ጨመረ፤ የፖለቲካ ቡድንን።

ይህች ጭማሪ ትንሽ ትመስላለች። ስምምነቱ በሚረቀቅበት ጊዜ የፖለቲካ ቡድኖች ጉዳይ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ፣ በረቂቁ ውስጥ ከገባ በኋላ የሶቭየት ኅብረትን ጨምሮ በበርካታ መንግሥታት ተቃውሞ ወጥቷል። ፖለቲካዊ ተቃዋሚዎቹን በኃይል የሚያጠፋ መንግሥት በዘር ማጥፋት ሊከሰስ እንዳይችል በሩ የተዘጋው በዚያ ነው። ኢትዮጵያ በራሷ ሕግ ያንን በር ክፍት አደረገችው፤ ከ20 ዓመት ያነሰ ጊዜ ውስጥም ቀይ ሽብር መጣ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ዋናው መዝገብ፣ ቁጥር 1/87፣ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና በሌሎች የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ላይ የተከፈተ ሲሆን፣ ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በአጠቃላይ በአገሪቱ ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ፤ ከግማሽ የሚበልጡት በሌሉበት። የክሱ እምብርት ያው አንቀጽ 281 ነበር። የኢሕአፓ፣ የመኢሶን፣ የኢዲዩና የሌሎች ድርጅቶች አባላት ናቸው ተብለው የተገደሉት ሰዎች በብሔር ወይም በሃይማኖት ተለይተው አልተገደሉም። በስምምነቱ ቃል ብቻ ቢኬድ ኖሮ የዘር ማጥፋት ክሱ ገና ከመነሻው ይወድቅ ነበር።

ተከሳሾቹም ይህን ስለተረዱ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያቸውን በዚሁ ላይ አቆሙ። የፖለቲካ ቡድንን የሚጨምረው አንቀጽ 281 ከዓለም አቀፉ ስምምነት ጋር ይጋጫል ሲሉ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በ1988 ዓ.ም. መቃወሚያውን ውድቅ አደረገ። አባል አገር ከስምምነቱ ያነሰ ጥበቃ እንዳይሰጥ ይከለከላል እንጂ የሚበልጥ ጥበቃ ለሕዝቡ ቢሰጥ ስምምነቱን አልጣሰም የሚለው አስተሳሰብ በእኔ እምነት በትክክል የተወሰነና ዛሬም መመሪያ ሊሆን የሚገባው ነው። ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ወለል ነው፤ ጣሪያውን የሚሠራው የአገሩ ሕግ አውጪ ነው።

የጥፋተኝነት ፍርዱ ከ12 ዓመት ክርክር በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። ውሳኔው ግን በሙሉ ድምፅ አልነበረም። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የሐሳብ ልዩነት አስመዘገቡ፤ ደርግ ራሱ ባወጣቸው ሕጎች አንቀጽ 281 ለፖለቲካ ቡድን የሰጠውን ጥበቃ በከፊል ሽሮታል፣ ስለዚህም ተከሳሾቹ ሊፈረድባቸው የሚገባው በከባድ የሰው ግድያ ነው የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በይግባኝ ቅጣቱን ከዕድሜ ልክ እስራት ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ያ የሐሳብ ልዩነት አብዛኞቻችን ትኩረት የነፈግነው ቁም ነገር ይዟል። የአገር ሕግ በአገር ሕግ ሊሻር ይችላል፤ ሥልጣን የያዘ ቡድን ወንጀሉን ከመፈጸሙ በፊት ወይም እየፈጸመ ሳለ አንቀጹን ሊያዳክመው ይችላል። የአገር ውስጥ ሕግና ዓለም አቀፍ ስምምነት እርስ በርሳቸው መደጋገፍ የሚኖርባቸው ለዚህ ነው።

የቀይ ሽብር ችሎት ሌላ ያሳየው ነገር አለ። አንቀጽ 281 ርእሱ የዘር ማጥፋትን ብቻ ሳይሆን በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸምን ወንጀልም ያነሣ ነበር፤ በይዘቱ ግን የዘር ማጥፋትን ብቻ ነው የደነገገው። በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚካሄድን ሰፊ ወይም የተቀነባበረ ጥቃት ራሱን ችሎ የሚቀጣ አንቀጽ ስላልነበረ፣ በየቀበሌው የተፈጸመው ግድያ፣ ስቃይና ስወራ ሁሉ በዘር ማጥፋት አንቀጽ ውስጥ ተጨምቆ ቀረበ። የዘር ማጥፋት ክስ ደግሞ ቡድኑን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ታስቦ የተደረገ መሆኑን ማስረዳት የሚጠይቅ፣ ከወንጀሎች ሁሉ ለማስረዳት ከባድ የሆነው ነው። አንድ ወጣት ከቤቱ ተወስዶ ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው የከተማ አስተዳደር) ውስጥ ሲገረፍ ቆይቶ ሲረሸን፣ ገዳዩ የፖለቲካ ቡድን የማጥፋት ሐሳብ ነበረው ወይስ የግል ቂም፣ ወይስ የበላይ ትእዛዝ ፍርሃት የሚለው ክርክር ዓመታት ይበላል። በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል የሚጠይቀው ግን ጥቃቱ ሰፊ ወይም የተቀነባበረ መሆኑንና ድርጊቱን የፈጸመው ሰው የዚያ ጥቃት አካል እንደሆነ ማወቁን ነው። ይህ አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ክሱ እውነታውን በቅርበት የሚገልጽ ስም ያገኝ ነበር።

በኋላ የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ይህን ጉድለት ለመሙላት ጥሩ አጋጣሚ ነበር። ሕጉ በአንቀጽ 269 የዘር ማጥፋትን ወንጀል የፖለቲካ ቡድንን እንደያዘ አስቀጠለ፤ በአንቀጽ 270 እና በተከታዮቹ የጦር ወንጀሎችን ዘረዘረ። በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን የሚተረጉም አንቀጽ ግን አልጨመረም። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ፣ በ2002 ጸንቶ፣ የወንጀሉ ትርጓሜ በዓለም ፊት ተዘርግቶ ሳለ ነው ይህ የታለፈው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ሊጠይቅ ይችላል። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ታዲያ ስምምነቱ ራሱ ሕግ ከሆነ ሌላ አንቀጽ ለምን ያስፈልጋል?

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይህ ክርክር ያስኬዳል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ስለ ሕፃን አስተዳደግ ሲወስን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በቀጥታ ጠቅሶ የሕፃኑን ጥቅም አስቀድሟል። በወንጀል ጉዳይ ግን የሕጋዊነት መርህ ይቆማል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ሕግ ያልከለከለውን ድርጊት ፍርድ ቤት እንደ ወንጀል እንዳይቆጥር፣ ሕግ ያልደነገገውንም ቅጣት እንዳይወስን፣ በማመሳሰልም ወንጀል እንዳይፈጥር ያዛል። ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚናገሩት ለመንግሥታት ነው፤ ‹‹አባል አገሮች ይህን ወንጀል አድርገው ይደንግጉ›› ይላሉ እንጂ፣ ይህን ያደረገ ሰው ይህን ያህል ዓመት ይታሰራል አይሉም። የቅጣቱን መነሻና ጣሪያ፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው፣ ይርጋውን (ክስ ሊቀርብ የሚችልበትን የጊዜ ገደብ) የሚወስነው የአገር ሕግ ነው። በዚያ ላይ በኢትዮጵያ ልማድ ስምምነት ሲጸድቅ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው ብዙ ጊዜ አጭር የማጽደቂያ አዋጅ ሲሆን፣ የስምምነቱ ሙሉ ቃል ከነአማርኛ ትርጉሙ አብሮ አይወጣም። በወረዳ ፍርድ ቤት የተቀመጠ ዳኛ በሥራ ቋንቋው አንብቦት የማያውቀውን ሰነድ ጠቅሶ ሰው ያስራል ብሎ መጠበቅ ለዳኛውም ለተከሳሹም ፍትሐዊ አይደለም።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አለመሆኑን ሴኔጋል በከባድ ዋጋ አሳይታለች። ሴኔጋል የሮም ስምምነትን ለማጽደቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት፤ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ1986 አጽድቃለች። የቻድ አምባገነን የነበረው ሂሴን ሀብሬ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሥልጣን ተባርሮ በዳካር ተጠልሎ ይኖር ነበር። ከግፉ የተረፉ ቻዳውያን በ2000 ከሰሱት፤ መርማሪ ዳኛውም ክሱን ተቀበለው። ነገር ግን የዳካር ፍርድ ቤቶች፣ በመጨረሻም ሰበር ሰሚው በመጋቢት 2001፣ ሴኔጋል ስምምነቱን ብታጸድቅም በውጭ አገር በባዕድ ሰው የተፈጸመን የማሰቃየት ወንጀል ለማየት ሥልጣን የሚሰጥ የአገር ሕግ አላወጣችም ብለው መዝገቡን ዘጉት። ሴኔጋል ሕጓን ያስተካከለችው በ2007 ነው። ሕጉ ሲወጣ ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በ2010 ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ በአገር ፍርድ ቤት ሊፈጸምበት አይገባም፣ ጉዳዩን የሚያይ ዓለም አቀፍ ባሕርይ ያለው ችሎት ይቋቋም አለ። ቤልጅየም ሴኔጋልን በዘ ሄጉ ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 2012 ሴኔጋል ግዴታዋን እንዳልፈጸመች ወሰነ። ሀብሬ ጥፋተኛ የተባለው እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2016 በአፍሪካ ኅብረት ስም በተቋቋመ ልዩ ችሎት ነው። በ1986 ወይም በማግሥቱ ጥቂት አንቀጾች ቢጻፉ ኖሮ፣ ከክስ እስከ ፍርድ ያለፉት 16 ዓመታት በሙሉ ባልባከኑ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ፍርዱን ሳያዩ የሞቱ ባለጉዳዮች ብዙ ናቸው።

የኢትዮጵያን ሁኔታ ይበልጥ የሚያወሳስበው የራሷ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ነው። አንቀጹ ኢትዮጵያ ባጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችና በሌሎች የኢትዮጵያ ሕጎች በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች ተብለው የተወሰኑትን፣ የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ በአስገዳጅ ሁኔታ ሰውን መሰወርንና ኢሰብአዊ የድብደባ ድርጊትን ጠቅሶ፣ በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። የሞት ፍርድ ከተሰጠ ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊያቀለው የሚችል መሆኑን ብቻ ይፈቅዳል፤ በ2003 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተለወጠውም በዚህ መሠረት ነበር። አንቀጹ በመንፈሱ ትልቅ ነው፤ ለተጎጂዎች የተገባ ቃል ኪዳን ነው።

ነገር ግን አንቀጹ ‹‹በስምምነቶችና በሌሎች ሕጎች የተወሰኑትን›› ሲል ትርጓሜውን ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል። ወደዚያ ቦታ ሲኬድ የዘር ማጥፋት አንቀጽ ይገኛል፤ የቀሩት ግን ራሳቸውን ችለው አልተጻፉም። ኢትዮጵያ የሮም ስምምነትን አላጸደቀችም፤ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ጠቅላላ ትርጓሜ የሚሰጥ ሌላ ያጸደቀችው ስምምነትም የለም። የወንጀል ሕጉ ሰውን በግዳጅ መሰወርን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ አልተረጎመውም፤ ዐቃቤ ሕግ ሕገ ወጥ እስር ወይም ጠለፋ ብሎ መክሰስ ግድ ይሆንበታል። ማሰቃየትም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ የፀረ ማሰቃየት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 4 ማሰቃየት በአገር ሕግ ከክብደቱ ጋር የሚመጣጠን ቅጣት ያለው ወንጀል ሆኖ እንዲደነገግ ያስገድዳል። በወንጀል ሕጉ ቅርብ የሆነው አንቀጽ 424 ሕገ ወጥ የምርመራ ዘዴን ሲቀጣ መነሻው ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። አንድ መርማሪ በእጁ ያለውን ሰው ሲያሰቃይ ቢያዝና በገንዘብ መቀጮ ሊያልፍ የሚችልበት ቀዳዳ ካለ፣ ግዴታው ተፈጽሟል ማለት አይቻልም።

ተራ የሚመስለው የስም ልዩነት በተግባር የሚያስከትለው ብዙ ነው። በከባድ ግድያ የተከሰሰ ሰው ወንጀሉ በይርጋ ሊታገድለት ይችላል፤ ምሕረትም ሊሰጠው ይችላል። በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ግን ሁለቱንም አያገኝም። ሌላው የበላይ ኃላፊዎች ጉዳይ ነው። አንቀጽ 269 ያዘጋጀውን፣ ያዘዘውንና የተሳተፈውን ይቀጣል፤ በሥሩ ያሉት ወታደሮች ሲገድሉ እያወቀ ያልከለከለውን፣ ካወቀም በኋላ ያልቀጣውን አዛዥ ግን በግልጽ የሚይዝ ድንጋጌ የለም። የሮም ስምምነት አንቀጽ 28 ለዚሁ የተጻፈ ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ በማይሰጥበት ጦርነት ውስጥ ይህ ክፍተት ከታች ያለውን ወታደር ወደ ወኅኒ፣ ከላይ ያለውን አዛዥ ወደ ቤቱ ይልካል።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሮም ስምምነትን እንድንቀበል ነው የምትጠይቁን ብለው ይጠራጠራሉ። ጥርጣሬያቸው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን በሊቀ መንበርነት በመራችበት ወቅት በዘ ሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ላይ የተሰነዘረው ብርቱ ወቀሳ ይታወሳል። አባል መሆንና የአገር ሕግ ማውጣት ግን የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። የስምምነቱ አባል ያልሆነ አገርም ወንጀሎቹን በራሱ ሕግ ከመደንገግ የሚከለክለው የለም። እንዲያውም የሮም ሥርዓት ራሱ በመደጋገፍ መርህ ላይ የቆመ ነው፤ አገሩ ራሱ በእውነት መርምሮ ከዳኘ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አያይም። የሉዓላዊነት ጉዳይ ያሳስበናል የሚሉ ሰዎች ከማንም በላይ በአገር ቤት የተሟላ ሕግ እንዲኖር መሻት ነበረባቸው።

ሕጉ የሚወጣበት ጊዜ የሚያመጣው ልዩነት በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተፈትኗል። ኬንያ የዓለም አቀፍ ወንጀሎች ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2009 ነው። ከ1,100 በላይ ሰዎች የሞቱበት የምርጫ ማግሥት ብጥብጥ የተፈጸመው ደግሞ በታኅሣሥ 2007 እና በ2008 መጀመሪያ ነው። ሕጉ የመጣው ለሕግ መውጣት ምክንያት የሆነው ደም ከፈሰሰ በኋላ ስለነበር ለዚያ ደም መልስ መስጠት ሳይችል ቀረ። ኡጋንዳ በ2010 ሕግ ብታወጣም፣ የጌታ ተከላካይ ጦር (LRA) የተባለው አማፂ ቡድን አዛዥ የነበረው ቶማስ ክዎዬሎ ድርጊቶቹን የፈጸመው ከዚያ በፊት ስለነበር ዐቃቤ ሕግ በ1964ቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ሕግና በዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ ላይ ለመደገፍ ተገደደ። ተይዞ ከ15 ዓመት በኋላ በ2024 የ40 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ደቡብ አፍሪካ በ2002 ባወጣችው የማስፈጸሚያ ሕግ ምክንያት የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት በ2015፣ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ይፈለግ የነበረው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር ከአገር እንዳይወጣ ሊያዝዝ ችሏል። መንግሥት ትእዛዙን ጥሶ አሳልፎታል፤ ይሁንና የመንግሥቱ ድርጊት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2016 የአገሪቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ወስኗል። ዳኞቹ የቆሙበት መሬት የአገራቸው ሕግ ነበር።

በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ በቅርብ አይተውታል። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ2010 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድበት፣ ፍርድ ቤቱ የተጠቀመው አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችውን የዓለም አቀፍ ወንጀሎች ሕግ አልነበረም፤ ያ ወደ ኋላ አይሠራም። ክሱን ያስቻለው እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ የጦርነት ጊዜ ወንጀል ሕግ ነው። ከወንጀሉ ከ25 ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈ ሕግ በደብረ ማርቆስ ለተገደሉ እስረኞች ዘ ሄግ ላይ ደረሰላቸው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግን በከፍተኛ 15 እስረኞችን ሲያሰቃይ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈረደበት የ22 ዓመት እስራት በማሰቃየት ሳይሆን በሐሰት ማንነት ዜግነት በማግኘት ነበር። የአሜሪካ የፀረ ማሰቃየት ወንጀል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ1994 ነውና። ምስክሮቹ ስለ ስቃያቸው መስክረዋል፤ የፍርዱ ስም ግን የኢሚግሬሽን ወንጀል ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ እኛ ሥራ እንመለስ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ሁሉን አቀፍ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘረጋ ያዛል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ፖሊሲውን ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አጽድቋል። ፖሊሲው ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ የዳኝነት አካልና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲኖሩ ያቅዳል። ተቋማቱ ያለ አንቀጽ ቢቋቋሙ ግን ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የሚከስሰው በምን እንደሆነ ጥያቄው ይቀራል። የልዩ ችሎቱም አቋቋም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 4፣ የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚነጥቅና በሕግ የተደነገገ ሥርዓትን የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም የሚከለክለውን ድንጋጌ፣ በጥንቃቄ ማለፍ አለበት።

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ወደ ኋላ ተመልሶ የመሥራት ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ነገር ማንም እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ ይህ ጥበቃ መሸርሸር የለበትም። ሆኖም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 15 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ድርጊቱ ሲፈጸም በመንግሥታት ማኅበረሰብ በታወቁ አጠቃላይ የሕግ መርሆዎች ወንጀል ከነበረ ሰውየውን መቅጣት መርሁን እንደማይጥስ ይገልጻል። የመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 መሠረት ከእንዲህ ያሉ ስምምነቶች ጋር ተጣጥሞ ይተረጎማል። ሕፃን መግደል፣ ሴትን መድፈር፣ እስረኛን ማሰቃየት በ2013 ወይም በ2014 ዓ.ም. የተፈቀደ ድርጊት ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ትርጓሜውን ለቀድሞ ድርጊቶች ሲያውል ቅጣቱ በድርጊቱ ጊዜ ከነበረው ተራ የወንጀል ሕግ ጣሪያ እንዳይበልጥ ቢወስን፣ የአንቀጽ 22ን ቃልም የተጎጂዎችንም ጥያቄ አብሮ ሊያከብር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ይህን ነጥብ ለዳኞች ግምት መተው የሴኔጋልን መንገድ መድገም ነው፤ ሕግ አውጪው ራሱ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ የቃላት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ ማሰቃየትን የሚገልጸው ‹‹ኢሰብአዊ የድብደባ ድርጊት›› ብሎ ነው። እንግዲህ ለቀናት እንቅልፍ የተነሣ፣ በውኃ የተዘፈቀ፣ ልጁ እንደሚገደልበት እየተነገረው የተመረመረ፣ ወይም ራቁቱን ቆሞ የተሰደበ ሰው ተደብድቧል? በትር ሳያርፍበት ሰው እንደሚሰቃይ ከማሰቃያ ክፍሎች የወጡ ሁሉ ያውቁታል። ወንጀሉን ራሱንም አንዱ ሰነድ በስብዕና ላይ፣ ሌላው በሰው ልጅ ላይ፣ ሦስተኛው በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ይለዋል፤ ጠበቃ በዚህ ልዩነት ላይ መቃወሚያ ቢያቆም ሥራውን ሠራ እንጂ አልተሳሳተም። ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ፣ ስለ ተቋማቱ ሹመትና አደረጃጀት ከሚነሣው ክርክር አስቀድሞ፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የቋንቋ ምሁራንና ከእነዚያ ክፍሎች በሕይወት የወጡ ሰዎች አብረው ቁጭ ብለው ቃል በቃል ሊያነቡት የሚገባው የትርጓሜው አንቀጽ ነው።